ቼክ ኢንጂኑ ተመላለሰ፤ ደረሰኙስ የት አለ?

ጥያቄ፦ 2008 ሞዴል ያሪስ አለኝ። ከሦስት ወር በፊት የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ኦክሲጅን ሴንሰርና ካንዴላ ቀየሩልኝና 32 ሺህ ብር ከፈልኩ። በሳምንቱ መብራቱ ተመለሰ። «ኮዱን (የመኪናው ኮምፒዩተር የመዘገበውን የብልሽት ምልክት) እናጥፋው» እያሉ ሦስት ጊዜ አጠፉት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመለሰ። አሁን ደግሞ «ካታሊስቱ (ጭስ ማጽጃው) ነው፣ 140 ሺህ ብር» አሉኝ። ሌላ ጋራዥ ደውዬ ስጠይቅ 65 ሺህ አለኝ። መኪናው እዚያው ነው፤ «የማታሠራ ከሆነ የምርመራ 6 ሺህ ከፍለህ ውሰድ» ብለውኛል። ልክሰሳቸው? ስማቸውን ቲክቶክ ላይ ባወጣውስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት ቦታ የብር መጠን ጽፈዋል። «ደረሰኝ» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም። ደረሰኝ ያለው ሰው እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚጠቅሰው እሱን ነው። ስለዚህ ልገምት። «ከነቫቱ 36,800 ነው፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ 32 ሺህ» አሉዎት፤ እርስዎም እሺ አሉ፤ ብሩን በቴሌብር ለመካኒኩ በግል ስልኩ ላኩለት። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን ትንሽ ልቆጣዎት ነው።

መጀመሪያ ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። ከጋራዡ ጋር ያለዎት ሥራ የማሠራት ውል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ ያለውን ይመልከቱ። ሠሪው አንድ ውጤት ለማስገኘት በራሱ ኃላፊነት ይገባል፣ እርስዎ ዋጋ ይከፍላሉ። በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ነገር የለም (ቁጥር 1719)። ይህ ግን ለሁለታችሁም ነው፤ ስልክ ላይ «በቃ የሚያስፈልገውን ሥሩት» ብለው ከሆነ እሱም ውል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ በነፃ እንደገና እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እርስዎ ሦስት ወር ቆይተዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚጠይቁት ነገር ቀርቷል ማለት ግን አይደለም። ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ «አልፈልግም» ብሎ መሄድም መብትዎ ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። እኔ ጋ የሚመጡ የጋራዥ ጉዳዮች አብዛኞቹ የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዋጋ ይነገርዎታል፤ ርካሹን ይመርጣሉ፤ 4,800 ብር ያተረፉ ይመስልዎታል። ግን በ4,800 ብር ማስረጃዎን ነው የሸጡት።

ነገ ስትካካዱ ጋራዡ «ይህን መኪና አላውቀውም» አይልም፤ መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል። የሚለው ይህን ነው፦ «እኛ የቀየርነው ካንዴላ ብቻ ነው፤ ሴንሰሩን እሱ ራሱ ከሱማሌ ተራ ገዝቶ አምጥቶ ግጠሙልኝ አለን።» ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ጉዳዩን ትገለብጠዋለች። ዕቃውን ጋራዡ ካቀረበው የዕቃው ጉድለት የእሱ ጣጣ ነው፤ እርስዎ ካመጡት ግን «ለሰጠኸን ዕቃ እኛ ምን እዳ አለብን?» ይልዎታል። ማን እንዳቀረበው፣ አዲስ ይሁን የተፈታ (ከሌላ መኪና የወጣ)፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው ስንት እንደነበር የሚናገረው በዝርዝር የተጻፈ ደረሰኝ ነው። እሱ ደግሞ የለም። የቴሌብሩ መልእክት ብር መውጣቱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደወጣ አይናገርም። በዚያ ላይ ብሩ የገባው በመካኒኩ የግል ስልክ ከሆነ «ያ ልጅ ለቋል፣ በግሉ ነው የሠራልህ» ይሉዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚከሱት ማንን እንደሆነም ግራ ይገባዎታል።

ደግሞ ያለ ደረሰኝ ሲስማሙ እርስዎም አብረው ነበሩ። «ቫት እንዳልከፍል ብዬ ነው» ብሎ ዳኛ ፊት ነገር መጀመር ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ይህንን የምለው ለሥራዬ ገበያ ፈልጌ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ አቤቱታ ላይ የጻፏት ቃል እስከ መጨረሻው ትከተልዎታለች።

ነገሩ አልቆለታል ግን አላልኩም። የቴሌብሩን መልእክት፣ የድምፅ መልእክቶቹን፣ በቴሌግራም የላኩልዎት የስካነር (የኮድ ማንበቢያ መሣሪያው) ፎቶ ካለ እሱን፣ አብሮዎት የሄደ ጓደኛ ካለ ስሙን ይያዙ። ስልክ ሊቀይሩ ካሰቡ ይቆዩ። ልዩነቱን ከፍለውም ቢሆን ለ32 ሺሁ ደረሰኝ አሁን ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ እምቢታቸው በጽሑፍ መልእክት ይሁን።

ሁለተኛው ያልነገሩኝ ነገር መብራቱ ራሱ ነው። ዝም ብሎ ይበራ ነበር ወይስ ብልጭ ድርግም ይል ነበር? ብልጭ ድርግም ሲል ሞተሩ በደንብ እየተኮሰ አይደለም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ እየሄደ ያቃጥለዋል። እንደዚያ እያለ ሦስት ወር ነድተው ከሆነ ጋራዡ «ካታሊስቱን ያበላሸው እሱ ነው» ይላል፣ ክርክሩም አቅም አለው። ለጠበቃዎ እውነቱን ይንገሩ፤ ለእኔ ሊደብቁኝ ይችላሉ።

ኮድ ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ለምሳሌ ካታሊስት የሚባል ነገር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ስካነሩ ላይ የወጣው ፒ0420 ነው። እሱ የሚለው «የካታሊስቱ ሥራ ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ታይቷል» ነው። ከካታሊስቱ ኋላ ያለው ሴንሰር ሲበላሽም፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ሲያፈስም ይመጣል። የእርስዎ ጋራዥ ሴንሰር ቀይሯል፤ የፊቱን ነው የኋላውን? ቱቦውን አይተዋል? ሞተሩ ዘይት ይበላል? እነዚህ ሳይመለሱ 140 ሺህ ብር መጠየቅ ቸኩሎ መፍረድ ነው። ሦስት ጊዜ «እናጥፋው» ያሉትም አበሳጭቶኛል። ኮድ ሲመዘገብ ኮምፒዩተሩ በዚያች ሰዓት የነበረውን የሞተር ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት አብሮ ይይዛል። ኮዱ ሲጠፋ ያም ይጠፋል፤ ባትሪ መንቀልም እንደዚያው ነው። ማስረጃዎን ሦስት ጊዜ አጥፍተውብዎታል፣ እርስዎም ቆመው አይተዋል። አሁን ኮዱ ሳይጠፋ ሌላ ቦታ ወስደው ያስነብቡ፤ ውጤቱን በወረቀት፣ በቀን፣ በማኅተምና በኪሎ ሜትር ንባብ ይቀበሉ። ማስነበቢያውንም በደረሰኝ ይክፈሉ፣ እባክዎ!

140 ሺህ እና 65 ሺህ መለያየቱ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። አንዱ ስለ አዲስ፣ ሌላው ስለ ተፈታ ዕቃ እያወራ ሊሆን ይችላል። በስልክ የሰሙት 65 ሺህ ደግሞ መኪናውን ያላየ ሰው ዋጋ ነው። ፖሊስ ጋ ሮጦ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 «አታለሉኝ» ለማለት ዋጋው መወደዱ አይበቃም፤ አውቀው እንደዋሹዎት ማስረዳት ይኖርብዎታል። የሁለቱንም ዋጋ በዝርዝር፣ በጽሑፍ ያግኙ።

ስለ 6 ሺሁ፦ ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ነግረውዎት ተስማምተው ከሆነ ይከፍላሉ። ካልነገሩዎት ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። መኪናውን በጉልበት ለማውጣት እንዳይሞክሩ። የግድ ከፍለው መውጣት ካለብዎት ደረሰኙ ላይ «በተቃውሞ የከፈልኩ» ብለው ይጻፉ፤ አላስጽፍም ካሉ ያንኑ ቀን በመልእክት ይላኩላቸው። ከዚያ በጠበቃ በኩል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመጠየቅ በመርሕ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ይቀድማል (ቁጥር 1772)። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ይለሳለሳል።

ቲክቶኩን ይተዉት። በእጅዎ አንድ ወረቀት ሳይኖር ስም ካወጡ ከሳሽ መሆንዎ ቀርቶ በስም ማጥፋት ተከሳሽ ይሆናሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ምርመራው በእርግጥ ካታሊስቱ ነው ካለና ካስቀየሩት፣ የትም ይቀየር፣ አሮጌውን ይዘው ይውጡ። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ አሮጌም ሆኖ ገዢ አለው። ንብረቱ የእርስዎ ነው። «እኛ እንጥለዋለን» ሲሉዎት አመስግነው ሻንጣው ውስጥ ያስገቡት፤ ሥራ ማዘዣው ላይም «የተፈታው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል» ብለው አስቀድመው ያስጽፉ።