ፊት አይታችሁ አትሙሉ

እዚህ ካናዳ ፖሊስ ሪከርድ ክፍል፣ ሆስፒታል ሪሴፕሽን፣ ሼልተር ለምትሰሩ ልጆቻችን ነው የምጽፈው። እኔ እድሜዬን ፋይል ስሞላና ሳስተካክል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ እና ዛሬ በአንድ ነገር ብቻ ልጨቅጭቃችሁ፤ ፎርሙ ላይ ተጎጂው ከአገሬው ነባር ህዝቦች ነው ወይ በምትለዋ ጥያቄ።

ብዙዎቻችሁ እንደምትዘሏት አውቃለሁ፣ ይገባኛልም፣ ቀበሌ መታወቂያው ላይ ብሔሩ ተጽፎበት ያደገ ሰው ዘር የሚጠይቅ ፎርም ሲያይ ቅፍፍ ይለዋል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ይጻፍልን ብለው ሲጮሁ የኖሩት የተገደሉና የጠፉ የነባር ህዝብ ሴቶች እናቶችና እህቶች ናቸው። የነባር ህዝብ ሴቶች ማህበር ራሱ እየለቀመ እስከ 2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ድረስ የተገደሉና የጠፉ 582 ሴቶችን መዘገበ። ከዛ የፌደራሉ ፖሊስ፣ አርሲኤምፒ፣ በ2014 የፖሊስ ፋይል ሲያገላብጥ ከ1980 እስከ 2012 የተገደሉት ብቻ 1,017 ሆነው ተገኙ፣ የጠፉት ደግሞ 164። ፋይሉኮ ድሮም ሼልፍ ላይ ነበር!

ባዶ መተው አንድ ነገር ነው፣ የባሰው ግን ግምት ነው። ሜቲ የሆነ ሰው፣ ማለትም ዘሩ ከነባር ህዝብና ከአውሮፓ ሰፋሪዎች የመጣ፣ ጸጉሩ ቢጫ ስሙም የፈረንሳይ ሊሆን ይችላል፣ ባስ ውስጥ አጠገባችሁ ቢቀመጥ አትለዩትም። ስለዚህ ጠይቁ፣ ደግሞ ሁሉንም ሰው፣ የመሰላችሁን ብቻ ከጠየቃችሁ ያው ግምት ነው። "ይሄን ለሁሉም ሰው ነው የምንጠይቀው፣ ፈርስት ኔሽንስ፣ ሜቲ ወይም ኢኑይት ነዎት?" በሉና ጠብቁ፣ ሦስቱ የካናዳ ነባር ህዝቦች እነዚህ ናቸው። አልመልስም ካለ መብቱ ነው፣ "አልተገለጸም" ብላችሁ እለፉ፣ "አይደለም" እንዳትሉ በእግዜር። ያልታወቀው ሁሉ "አይደለም" ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ ያንሳል፣ ቁጥሩ ሲያንስ በጀት የሚመድበውም ችግር የለም ብሎ ይተኛል። ሟች ከሆነ ቤተሰቡ ነው የሚጠየቀው፣ ግን ሬሳ ሊለዩ በመጡበት ሰዓት አይደለም፣ ትንሽ ሰውነት ይኑረን።

መረጃው መልሶ ነባር ህዝቦቹን መምቻ እንዳይሆን የሚፈሩ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። የመንግስት አሃዝ ሰብሳቢው ስታቲስቲክስ ካናዳና የፖሊስ አዛዦች ማህበር በ2020 የተጎጂውንም የተከሳሹንም ማንነት እንሰበስባለን ብለዋል፣ ፈርስት ኔሽንስ ደግሞ ስለኛ የተሰበሰበው የኛ ነው፣ የምንወስንበትም እኛ ነን ይላሉ። እኔ ከፈርስት ኔሽንሶቹ ጋር ነኝ።

ሲስተማችሁ ላይ የጥያቄዋ ቦታ ከሌለ ኖት ውስጥ ጽፋችሁ አትገላገሉ፣ ኖት ውስጥ ያለ ነገር ሪፖርት ሲወጣ ማንም አይቆጥረውም። ሱፐርቫይዘራችሁን በኢሜይል ጠይቁት፣ በቃል ከሆነ ይረሳዋል።