ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የክብደት መቀነሻው መርፌ ቆዳዬን አቀላው፣ ላቁመው?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የ44 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዜፕባውንድ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ኪሎዬም እየቀነሰ ነው። አሁን አሁን ግን በተወጋሁ ማግስት ሆዴ ላይ መርፌው የገባበት ቦታ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ይጠፋል። ፌጦ ብቀባው ባሰበት። ጓደኛዬ ደግሞ «እሱን ተይውና እኔ ከምወስድበት ስፓ ርካሹን ግዢ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ተነስቼ ስናገር አሁኑኑ አቁሙ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ፌጦውን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። እንኳን ለተቆጣ ቆዳ ለጤነኛውም ያቃጥላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ምልክቱ መርፌው የገባበት ቦታ ላይ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ቦታም ወጥቷል ብዬ ነው። የእርስዎ ቦታው ላይ ብቻ ነው። ይሄ የተለመደ ነው፤ በአምራቹ ጥናት ዜፕባውንድ ከተወጉ 100 ሰዎች ከ6 እስከ 8 የሚሆኑት ላይ ታይቷል፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ደግሞ 2 ያህሉ ላይ። ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው፣ በራሱም ይጠፋል።

በሚቀጥለው ሳምንት እንዲህ ያድርጉ። መርፌውን ከፍሪጅ አውጥተው 30 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ግን እንዳይነክሩት። ቆዳዎን በአልኮል ከጠረጉ በኋላ ሳይደርቅ አይውጉ። ባለፈው የተወጉበትን ቦታ ይተዉት፣ ወደ ጭን ይሂዱ፤ ሆድ ላይ ከሆነም ከእምብርት 5 ሴንቲሜትር ይራቁ። ከተወጉ በኋላ አይሹት። ከቀላ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ያክብቡና ፎቶ ያንሱት፣ በማግስቱም እንደገና ያንሱ። ቅላቱ ከመስመሩ አልፎ እየሰፋ ከሄደ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ነገሩ አለርጂ ሳይሆን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታዩ።

ለማሳከኩ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 10 ደቂቃ ይያዙበት። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ክሬም ስስ አድርገው ለጥቂት ቀን መቀባት ይችላሉ። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይረዳል፣ የኩላሊት ችግር ካለብዎ ግን መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ሌላው የአለርጂ ክኒን ቤናድሪል ግን ያስተኛል፤ ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ሥራ ሊወጡ ሲሉ እንዳይውጡት እላለሁ።

ቅላቱ በየሳምንቱ እየባሰ ከመጣ፣ ወይም የጀመረው መጠኑ ከ2.5 ወደ 5 ሚሊግራም ከፍ ካለ በኋላ ከሆነ፣ መድኃኒቱን ላዘዘልዎ ሐኪም ፎቶውን ያሳዩት። ቀጣዩ ጭማሪ ቢዘገይ ምንም አይደለም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ። ከመርፌው ቦታ ርቆ፣ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣ ቀጣዩን መርፌ ሳይወጉ ሐኪምዎ ጋር ይደውሉ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ ጉሮሮ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስዎን ሊስቱ ከሆነ ግን ወዲያው 911 ነው። ራስዎ ነድተው አይሂዱ። ክኒን ውጦ መጠበቅም አይሠራም፣ እዚያ ደረጃ ላይ ሕይወት የሚያድነው ኤፒነፍሪን የሚባለው የድንገተኛ አለርጂ መርፌ ነው። ዜፕባውንድ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፣ ከ5 ቀን በኋላም ግማሹ ገና ደም ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ምልክቱ በማግስቱ ቢቀልም ጉዳዩ አልቋል ብለው አይዘናጉ። እንዲህ የሆነበት ሰው ያንን መድኃኒት ደግሞ አይሞክርም። ወደ ተመሳሳዮቹ መርፌዎች፣ ወደ ኦዜምፒክ ወይም ዊጎቪ፣ ልዙር ቢልም የአለርጂ ሐኪም ሳያየው አይሆንም።

የጓደኛዎን ነገር አልወደድኩትም። ስፓ ውስጥ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ የተቀመመ ነው፣ ቫይታሚን ቢ12 የተጨመረበትም አለ። ቆዳዎ እየተቆጣ ሳለ ሌላ ንጥረ ነገር ሲጨመርበት ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ማን ይለያል? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በእንዲህ ዓይነቶቹ የመጠን ስህተት እየደረሰ ሰው ሆስፒታል መግባቱን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። ችግሩ ዋጋው ከሆነ፣ አምራቹ ኢላይ ሊሊ ከኪሳቸው ለሚከፍሉ ሰዎች ዜፕባውንድን በብልቃጥ ዋጋውን ቀንሶ በቀጥታ ይሸጣል፤ ሐኪምዎ በዚያ በኩል ሊያዝልዎ ይችል እንደሆነ ይጠይቁት።