መልስ፦ የፍጥነት ልምምዴ እየተሻሻለ መሆኑን በምን ልወቅ?

ወንድሜ፣ በየሳምንቱ 1000 ሜትር ስድስት ጊዜ እሮጣለሁ፣ አንዴ ሱሉልታ አንዴ አቃቂ፣ ሰዓቴ ግን ከፍ ዝቅ ይልብኛል ነው ያልከው።

መጀመሪያ ሁለቱን ቦታ አታደባልቅ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር አካባቢ ነው፤ አቃቂ ደግሞ 2100 ገደማ። ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በዚያው ጉልበት ሮጠህ ሰዓትህ ይዘገያል። የሱሉልታውን ከሱሉልታው፣ የአቃቂውን ከአቃቂው ጋር ብቻ አወዳድር።

ከአማካዩ ይልቅ ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዙር ልዩነት ብዙ ይነግርሃል። አንዱን 1000 ሜትር በ3:50 (3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ) ጀምረህ የመጨረሻውን በ4:10 ከምትጨርስ፣ ስድስቱንም 4:00 አካባቢ ብትይዝ ለማራቶን ይሻልሃል። በመሀል ስታርፍ የልብ ምትህ በ2 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደወረደም ጻፍ። ሰዓቱ ያው ሆኖ ምቱ ቶሎ ከወረደ፣ እመነኝ፣ አቅምህ እየጨመረ ነው። ይሄን ሁሉ ደብተር ላይ አስፍረው። ነፋሱንና ጭቃውን የእጅ ሰዓትህ አይጽፍልህም።

በየሳምንቱ ግን ራስህን አትፈትን፣ በ4 ሳምንት አንዴ ይበቃል። ረጅሙን ሩጫ በሮጥክ ማግስት ደግሞ በጭራሽ እንዳትሞክረው።