ብር፣ ብረት፣ ብሮሚን፦ ሁሉም በ«ብ» ቢጻፉስ?

ጥያቄ፦ ልጄን ኬሚስትሪ ሳስጠናት የወርቅ ምልክት «ኤ» እና «ዩ» ነው አለችኝ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወርቅ ስም ውስጥ እነዚህ ፊደሎች የሉም። በራሳችን «ወ» ብንጽፈው ምን ይጎድላል? ደግሞስ «ንጥረ ነገር» ሲባል ከምግቡ ጋር አይምታታም?

መልስ፦ ከኋለኛው ልነሣ። ቃሉ የወጣው «ነጠረ» ከሚለው ግሥ ነው። ቅቤ ሲነጠር አንጉላው ይለያል፤ ወርቅም በእሳት ይነጥራል፤ የዚህ ሥራ ባለሙያ «አንጥረኛ» ይባላል። (ኳስ የምትነጥረው ሌላ ነው።) ስለዚህ ንጥረ ነገር ማለት በኬሚካዊ መንገድ ቢያነጥሩት ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ ቀላል ነገር የማይለይ ማለት ነው። እስካሁን የታወቁት 118 ናቸው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ከእነሱ አይቆጠርም፤ ምልክትም የለውም። ለ«ኤለመንት» ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ፕሮቲንና ቪታሚን ግን ውህዶች ናቸው፣ ማለትም ከአንድ በላይ ንጥረ ነገሮች ተዋህደው የሠሯቸው፤ እነሱን «ንጥረ ምግብ» ብንላቸው መምታታቱ ይቀራል።

አሁን ወደ ምልክቱ። ዛሬ የምንጠቀምበትን አጻጻፍ የጀመረው ስዊድናዊው ኬሚስት በርዜሊየስ ነው፤ በ1813 እና በ1814 እ.ኤ.አ.። ላቲን በዘመኑ የሊቃውንት የጋራ ቋንቋ ነበርና ፊደሎቹን ከላቲን ስሞች ወሰደ፦ ወርቅ አውሩም፣ ብር አርጀንቱም፣ ብረት ፌሩም፣ እርሳስ ፕሉምቡም። ልጅዎ ሶዲየም ለምን በ«ኤን» እንደሚጀምር ከጠየቀችዎ «ናትሪየም» ይበሏት።

«ወ» ለወርቅ ያምራል፤ ችግሩ ወደ ብር ስንሻገር ይመጣል። ብር፣ ብረት፣ ብሮሚን ሁሉም በ«ብ» ይጀምራሉ። ሁለተኛ ፊደል ብንጨምር «ብር»፣ «ብረ»፣ «ብሮ» ይሆናሉ፤ በማተሚያ ይለያያሉ፣ በጥድፊያ በተጻፈ የፈተና ወረቀት ላይ ግን «ረ»ን ከ«ር» የሚለይ መምህር ይታደሉት። ከዚህ የሚብሰው ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሌለው መሆኑ ነው። በላቲኑ የመጀመሪያው ፊደል ሁልጊዜ ትልቅ፣ ሁለተኛው ትንሽ ነው። ትልቅ «ሲ» ከትንሽ «ኦ» ጋር ኮባልት ነው። ሁለቱም ትልቅ ሲሆኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሰው የሚገድለው ጋዝ። በቁመት ብቻ የሚለያዩ ናቸውና በዚህ ላይ ልጅዎን አይታገሷት።

በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስሙ በፊደላችን፣ ምልክቱ በላቲን ይጻፍ። ምልክቱ እንደ «ዓ.ም.» ምህጻረ ቃል ስላልሆነ ነጥብ አይከተለው። «ን» ወይም «ዎች» ሲያስፈልግ የሚቀጠለው በስሙ ላይ እንጂ በምልክቱ ላይ አይደለም።

ስሞቹም ቢሆኑ ያሳስታሉ። የጣራ ቆርቆሯችን በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው እንጂ ንጥረ ነገሩ ቆርቆሮ አይደለም። ልጅዎ የምትጽፍበት እርሳስም ውስጡ ካርቦን ነው፤ ምልክቱን ስትጠየቅ «ሲ» ብላ ብትመልስ እርማት አይስጧት፣ የትኛውን እርሳስ እንደሆነ ይጠይቋት።