ዱባይ የቀረበልሽ የሂሳብ ሥራ፦ ከደመወዙ በፊት ባለቤቱን አጣሪ

እህቴ፣ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ዱባይ ያለ የወርቅ ንግድ ድርጅት ሊቀጥርሽ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ግን የሱዳን ጄኔራሎች ዘመድ ነው ሲባል ሰምተሽ ግራ እንደገባሽ ጽፈሽልኛል። «ማዕቀብ ቢጣልበትስ እኔን ምን አገባኝ?» ብለሻል። በጣም ያገባሻል።

የሱዳን ጦርነት በተነሳ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2023፣ አሜሪካ የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (RSF) መሪ የጄኔራል ሄሜቲና የወንድሙ በሆነው አልጁነይድ የተባለ የወርቅ ድርጅት ላይ ማዕቀብ ጣለች። ኤምሬትስ ውስጥ ያለው ትሬዲቭ የተባለ ድርጅትና ከሄሜቲ ጋር የሚዋጋው የሱዳን ጦር ሠራዊት መከላከያ ኢንዱስትሪም በዚያው ቀን ማዕቀቡ ውስጥ ገቡ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ራሱ ሄሜቲና ኤምሬትስ ያሉ ሰባት ድርጅቶች ተጨመሩ። ልብ በይ፣ ድርጅቱ በስም ባይጠቀስም ማዕቀብ ያለባቸው ሰዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ካላቸው እሱም እንደታገደ ይቆጠራል።

ዶላር በአብዛኛው የሚተላለፈው በአሜሪካ ባንኮች በኩል ስለሆነ፣ የዱባዩም ባንክ ከእነሱ ላለመቆራረጥ ሲል የድርጅቱን ሂሳብ ይዘጋል። ሂሳቡ ሲዘጋ ደመወዝ ይቆማል፣ ቪዛሽም በዚያው ድርጅት ስም ነው። ባለቤቱ በሌላ ሰው ስም ሌላ ድርጅት ያቋቁማል፤ አንቺ ግን ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ። ትልልቆቹማ መውጫ አያጡም፦ የሩሲያው የአሉሚኒየም ኩባንያ ሩሳል እ.ኤ.አ. በ2018 ማዕቀብ ተጥሎበት፣ ባለሀብቱ ዴሪፓስካ በእናት ኩባንያው ያለውን ድርሻ ከ50 በመቶ በታች ሲያወርድ በጃንዋሪ 2019 ተነሳለት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሥራሽ የሂሳብ መሆኑ ነው። «ደረሰኙን በአዲሱ ድርጅት ስም ቀይሪው»፣ «ወርቁ ከሌላ አገር የመጣ አድርገሽ ጻፊው» የምትባይው አንቺ ነሽ። ፊርማው ያንቺ ነው። ታግዶ ላለ ድርጅት እያወቀ የረዳ ሰው ራሱ ማዕቀብ ሊጣልበት ይችላል።

ስለዚህ ንግድ ፈቃዱንና የባለቤቶቹን ስም ጠይቂ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የማዕቀብ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይፈለጋል፤ የዓረብኛ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፍ እየቀያየርሽ ሞክሪው። ደመወዝ በየትኛው ባንክ እንደሚገባም ጠይቂ። «በእጅ ነው የምንከፍለው» ካሉሽ ተይው።

ደግሞ እንዲህ የሚያጣራ ሰው የአዲስ አበባ ባንኮች የኮምፕላያንስ (የሕግ ተገዢነት መቆጣጠሪያ) ክፍልም ይፈልገዋል፣ እዚያም አመልክቺ። ውሉን ገና ካልፈረምሽ የንግድ ፈቃዱን ኮፒ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።