የሚያጓራው ጊታር

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት በአኮስቲክ ጊታር እየተጫወትኩ ቤቴ ውስጥ እቀርጻለሁ። ያለኝን አንድ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ከጊታሩ ክብ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ በስንዝር ርቀት አቆመዋለሁ። የተቀረጸውን ስሰማው ግን ወፍራሞቹ ክሮች ያጓራሉ፤ በቀጫጭኖቹ የምጫወተው ዜማም ይዋጣል። የተሻለ ማይክሮፎን ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ለጊዜው አያውጡ፤ ያስቸገረዎት ማይክሮፎኑ ሳይሆን የቆመበት ቦታ ነው። የጊታር ድምፅ በቀዳዳው ብቻ የሚወጣ ይመስለናል እንጂ፣ አብዛኛው የሚመነጨው ከክሮቹ ጋር ከሚንቀጠቀጠው የፊት ጣውላ ነው። ቀዳዳው በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር የሚተነፍስበት በመሆኑ፣ በብዙ ጊታሮች 100 ሄርትዝ አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅ ለይቶ ያጎላል። በአንድ አቅጣጫ የሚሰማ ማይክሮፎን ደግሞ ወደ ድምፁ ምንጭ በቀረበ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያሳብጥ፣ ሁለቱ ተደራርበው ያንን ማጓራት ያመጣሉ። ለማረጋገጥ ስድስተኛውን፣ ማለትም ከሁሉም ወፍራሙን ክር ከባዶው ጀምረው ፍሬት በፍሬት (ፍሬት በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት ነው) እየወጡ ይምቱት፤ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ባለው ቦታ ድምፁ በድንገት ካበጠ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው።

ማይክሮፎኑን 12ኛው ፍሬት ፊት ለፊት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው ያቁሙና አፉን አንገቱ ከሳጥኑ ወደሚጋጠምበት ቦታ ጥቂት ያዙሩት። ከዚያ በኋላ ዳኛው ጆሮዎ ነው፤ ድምፁ ከሳሳብዎት ወደ ቀዳዳው፣ የግራ እጅዎ ጣቶች በክሩ ላይ ሲንሸራተቱ የሚሰማው ፍጭጭታ ካየለ ደግሞ ከአንገቱ ራቅ አድርገው ይሞክሩ። ሁለት ጣት ያህል መንቀሳቀሱ እንኳ በጆሮ ማዳመጫ በግልጽ ይለያል። ብዙ ሰው አንዴ አቁሞት ከዚያ በኮምፒዩተር ለማረም ሲደክም ያመሻል፤ እኔም ስንት ምሽት አባክኜበታለሁ።

የክፍሉ ነገር ቀላል ነው። ወፍራም ድምፅ ጥግ ላይ ስለሚጠራቀም ጥግ ይዘው አይቀመጡ። ከማይክሮፎኑ ጀርባ ሳይሆን ከእርስዎ ጀርባ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ደርበው ይስቀሉ፤ የማይክሮፎኑ አፍ የሚያየው ያንን ግድግዳ ነውና። ቤትዎ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ የክረምቱን ዝናብ የሚያስቀርልዎት ምንም ዓይነት ማይክሮፎን ስለሌለ፣ ሐምሌና ነሐሴን ለልምምድ ይተዉት፤ አለዚያም ዝናቡ ሲያባራ ሌሊት ይቅረጹ።