መነጽር ኦንላይን ልዘዝ ወይስ መነጽር ቤት ልሂድ ላልከው

ሐኪም ያዘዘልህን መነጽር ኦንላይን በረከሰ ዋጋ ስላገኘኸው፣ ልግዛው ወይ ብለሃል። እኔ መጀመሪያ የማየው የማዘዣ ወረቀቱን ነው። ቁጥርህ፣ ማለትም የሌንሱ ኃይል፣ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ መደመርም ይሁን መቀነስ ከ3 በታች፣ ሌንሱም ለሩቅ ብቻ ወይም ለንባብ ብቻ ከሆነ፣ ኦንላይን እዘዝ። ገንዘብህን በከንቱ አታውጣ።

ግን አንድ ነገር እንዳትረሳ። በሁለቱ ብሌኖችህ መካከል ያለው ርቀት፣ ፒዲ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። በአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ነው። ስትመረመር አስለካውና አስጽፈው። ይሄ ከተሳሳተ የሌንሱ መሃል ከብሌንህ ፊት አይውልም፤ ዓይንህ ይደክማል፣ ራስህንም ሊያምህ ይችላል። ስታዝዝ ደግሞ ከቁጥርህ ፊት ያለችውን የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ደጋግመህ እያት። -2 እና +2 የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ለፍሬሙ ልክ ብዙ አትጨነቅ። አሁን የምታደርገው መነጽር ካለህ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንግ ውስጠኛ ጎን ላይ 52-18-140 የሚመስል ጽሑፍ ፈልግ። የሌንሱ ስፋት፣ የአፍንጫው ድልድይና የዘንጉ ርዝመት ነው፣ በሚሊሜትር። ለሱ የሚቀርብ ምረጥ።

ቁጥርህ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ቅርብና ሩቅ በአንድ ሌንስ የሚያሳየው ፕሮግረሲቭ ከታዘዘልህ ግን፣ እባክህ መነጽር ቤት ሂድ። እዚያ ፍሬሙን ፊትህ ላይ አድርገው ነው ብሌንህ ሌንሱ ላይ የሚውልበትን ከፍታ የሚለኩት። ከተዛነፈ ለማንበብ አገጭህን ቀና ስታደርግ ትውላለህ። ለልጅም ከሆነ እንዲሁ። የልጅ መነጽር ቶሎ ቶሎ ይጣመማል፤ የሚያቃናው ሰው ቅርብ ይሁን።